በዛጎል የተፈጠረው ሰው

ፊታውራሪ ድልነሳሁ ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ጨዋታ ይወዱ ነበር። ተጫዋቹ ዛጎል ይጥልና በወጣለት ዕጣ ጉልበት፣ ሀብትና ብልሃት ለክቶ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ከዚያም የዚያን ሰው ያለፈ ሕይወት ይተርካል። ከአድማጮቹ አንዱ እንኳ «አላመንኩም» ካለ ተራኪው ያስያዘውን ያጣል።

አንድ ቀን ለአቤቱታ የመጣን አንድ ጭሰኛ በግድ ከጨዋታው አስገቡት። የሚያርስበትን አንድ በሬውን አስያዘ።

መጀመሪያ ፊታውራሪው ጣሉ። የእሳቸው ሰው በክርስትናው ዕለት አንበሳ ገደለ፤ ጥርስ ሳያበቅልም ጦር መራ። አዳራሹ በሙሉ «አምነናል!» አለ። ጭሰኛውም ከፍርሃቱ ብዛት ከሁሉ አስበልጦ ጮኸ።

ተራው ደርሶ ሲጥል ዛጎሎቹ በሙሉ በአፍጢማቸው ተደፉ።

«ጉልበት የለው፣ ሀብት የለው፣ ብልሃት የለው! በል እስቲ ታሪኩን ንገረን» አሉ ፊታውራሪው እየሳቁ። ምንም ቢተርክ «አላመንኩም» ሊሉት እንደ ቆረጡ ከዓይናቸው ገባው።

«ጌታዬ፣ ዛጎሉ ራሴኑ ስላወጣኝ ለመፍጠር አልደከምኩም» አለ። «ሰውየው እንደ እኔ ፈሪ፣ እንደ እኔ ቂል ነው። ዕድሜውን ሁሉ የነገሩትን ሲያምን ኖረ። ዛሬም እዚሁ ተቀምጦ እርስዎ የተረኩትን አንዲት ሳያስቀር አመነ።»

ፊታውራሪው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ።

«እንዲህ ያለ ሰው አይኖርም ካሉ ግን» አለ ጭሰኛው እጅ እየነሳ፣ «እኔም የእርስዎን ተረት አላመንኩም ማለት ነው፤ ከእኔ በፊት የተሸነፉት እርስዎ ነዎት።»