ቴስተሯ አልበራችም

አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበረ። ተቀመጥ ወንድይፍራው፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «አባ፣ ልጄ ቤቴን ጥላ እህቴ ዘንድ ገብታለች። በድለኸኛል ትላለች። እኔ ግን ልቤን ብመረምረው ምንም አይወቅሰኝም። ልቤ ካልወቀሰኝ ምን ብዬ ንስሐ ልግባ?» ነው ያልከኝ። የንስሐ አባትህ ነኝና ጠባይህን አውቀዋለሁ፤ በቀጥታ ብመልስልህ እዚሁ ቁጭ ብለህ ስትከራከረኝ ትውላለህ። ስለዚህ መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ስማ።

ሰውየው በሰፈሩ የተመሰገነ ነበር። መብራት የጠፋበትም፣ ምጣድ አልግል ያለውም የሚጠራው እሱን ነው። ሸሚዙ ኪስ ላይ እንደ እስክሪብቶ የሚሰካት አንዲት ቴስተር ነበረችው። ታውቃታለህ፣ ጫፏ ካቻቪቴ የሚመስል፣ ኮረንቲ ያለበትን ነገር ስትነካ ሆዷ ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖል ቀላ ብላ የምትበራ። የሙያው ሰዎች ደግሞ አንድ ወግ አላቸው። ቴስተርን ወደተጠረጠረው ነገር ከመውሰዳቸው በፊት ኮረንቲ መኖሩን በሚያውቁት ቦታ ይሞክሯታል። ሬዲዮ እየጮኸበት ያለ ሶኬት ካገኙ እዚያ ሰካ ያደርጓታል። በራች? እንግዲያው ደኅና ናት፤ ከዚያ ወዲያ «የለም» ብትል ትታመናለች።

እሱም ሥራ ሲጀምር እንዲህ ያደርግ ነበር። ስሙ ሲገን ተወው። ምነው ሲሉት «ይቺ እኮ ከእኔ ጋር ያረጀች ናት፣ ዋሽታኝ አታውቅም» ይላል። አንድ ቀን ከመሰላል ላይ ወደቀችበት። አነሣት፣ በሱሪው ጠረግ ጠረግ አደረጋትና መልሶ ኪሱ ላይ ሰካት።

በዚያው ሰፈር አንዲት የደኅና ቤት እመቤት ነበረች፤ እሷ ቤት እየመጣች ልብስ የምታጥብ አንዲት ሴት ነበረች። ይህች አጣቢ ልጆቿን የምታሳድገው በእነዚያ በሁለት እጆቿ ነው፣ ሌላ ምንም የላትም። ታዲያ አንድ ቀን የግቢው ቧንቧ ነዘረኝ ብላ ለእመቤቲቱ ነገረቻት። እመቤቲቱም ክፉ ሰው አይደለችም፣ ሠራተኛውን አስጠራችው። መጣ፣ ቴስተሯን ቧንቧው ላይ አስነካ፣ አልበራችም። ኮረንቲ የለበትም፣ እጇ በሳሙና ተልጦ ነው የሚለበልባት ብሎ ሄደ። እመቤቲቱ ቅባት ገዝታ ሰጠቻት። እንዴት ያለ ነገር ነው! ሴትዮዋ ኮረንቲ ነዘረኝ ትላለች፣ እነሱ ቅባት ይሰጧታል።

ሰንበት ብሎ ደግሞ ነዘራት። አሁንስ አልነካውም ብላ ልብሱን እንደተዘፈዘፈ ትታ ቆመች። እመቤቲቱ ተናደደች፤ ሥራ ጠልታ ነው አለች፣ ይህ ካልሆነ ሌላ አጣቢ አመጣለሁ አለች። ሠራተኛው እንደገና ተጠራ። ሁለት ጊዜ መጠራቱ ሙያውን የናቁበት መስሎት ፊቱን አጥቁሮ ነው የመጣው። በፊታቸው ቴስተሯን ቧንቧው ላይ አሳረፈና «ይኸው፣ እዪ» አላት። አልበራችም። «በይ ያዢው።»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ አልቀጠፍኩም፤ እጄ ነው የነገረኝ» አለችው።

«እጅሽ ይቀጥፋል እንጂ ቴስተር አይዋሽም።»

ወንድይፍራው፣ እዚህ ላይ ልብ በል። ያቺ ሴት አንዴ ቴስተሯን አየች፣ አንዴ እጇን አየች። ሰውየው የተመሰገነ ነው፣ እሷ ማናት? የገዛ እጇን ከዳችና ለቴስተሯ አደረች። እግሯ በእጣቢ ውሃ እንደራሰ ቧንቧውን ጨበጠችው።

ያዛት። ጩኸት እንኳ አላወጣችም፤ ጥርሷ ተገጠመ፣ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ልልቀቅ ብትል እጇ አይለቅም። ሠራተኛው አጠገቧ ነው የቆመው። ምን ያደረገ ይመስልሃል? ቆጣሪው ጋ ሮጦ አጠፋ? በደረቅ እንጨት መትቶ አላቀቃት? ወይ ጉድ፣ እሱማ ከኪሱ ቴስተሯን አወጣና ቧንቧውን እንደገና ነካው! ሴትዮዋ ፊቱ ልትሞት እሱ አምፖሏን ጎንበስ ብሎ ያያል። አልበራችም። «ምንም የለም እኮ፣ ምንም የለም» እያለ ቆሞ ቀረ። ይህን የነገረኝ ሰው ሲነግረኝ እኔ ራሴ በመስቀሌ አማተብኩ። የሚንቀጠቀጥ ሰው ፊት ቆሞ መሣሪያን መጠየቅ!

ያዳነቻት እመቤቲቱ ናት። የመወልወያውን እንጨት ይዛ መጥታ ክንዷን ብትመታው ከቧንቧው ተላቀቀችና ወደቀች። ነፍሷ ተረፈች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀኝ እጇ ግን መዳፉ ነደደ፣ ጣቶቿ ዛሬም ጨርቅ ጨምቀው ውሃ አያወጡም። ልብስ አጣቢ ናት ብዬሃለሁ።

ኮረንቲው ከቆጣሪው ተቋርጦ ግድግዳው ሲፈለፈል ነገሩ ወጣ። ቤቱን መጀመሪያ የዘረጋው ሰው የግቢውን መብራት ገመድ ከቧንቧው ጋር አስጠግቶ ቀብሮታል። የተቀጠለበትን ቦታ በናስትሮ በመጠቅለል ፈንታ በፌስታል አስሮታል። ፌስታሉ ተበልቶ አልቆ ራቁቱን የቀረው መዳብ ቧንቧው ላይ ተኝቷል። ያን ገመድ ቆርጠው ካወጡ በኋላ የቤቱ መብራት ተመለሰ፤ ሠራተኛው ግን አሁንም አላመነም። ወደ ማድ ቤት ገባና ፍሪጁ ከተሰካበት ሶኬት ጎን ባለው ባዶ ሶኬት ቀዳዳዎች ቴስተሯን በየተራ ሰካት። ፍሪጁ እየጮኸ ነው። ቴስተሯ ጨለማ ናት።

እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ከመሰላል ከወደቀች ወዲህ የገባባቸው ቤቶች አንድ በአንድ መጡበት። «የለም» ያለው ስንት ቦታ ነው! የቄስ ትምህርት ቤቱ በር፣ የዳቦ ቤቱ ማቡኪያ፣ የገዛ ቤቱ ሻወር። ዘሎ ተነሣ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን እንኳ አላነሣም። ያ ኩሩ ሰው በሰፈሩ ውስጥ እየሮጠ የየሰዉን በር ይደበድብ ጀመር። «አትንኩ! ያልኳችሁን አትመኑ፣ አትንኩ!» ይል ነበር።

እንግዲህ ወንድይፍራው፣ ሰውየው አንተ ነህ። ቴስተሯ ልብህ ናት። አልወቀሰኝም ትላለህ፤ አልበራችም ማለትህ ነው። ለመሆኑ የምትበራ መሆኗን በምን አወቅህ? እሺ፣ ኮረንቲ መኖሩ በታወቀ ቦታ እንሞክራት። በወንድ ልጅህ ሠርግ ማግስት፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ይህችው ልጅህ እጥፍወርቅ ወጥ ይዛ ስትዞር «ይቺኛዋን የሚወስድልኝ ጠፋ፣ ለደጅ ጥበቃ ነው የተረፈችው» ብለህ ሳቅህ። እኔ ማዕዱን ልባርክ መጥቼ እዚያው ነበርኩ። የጨበጠችው ጭልፋ ሳህኑ ላይ ሲንቀጫቀጭ ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ ጉርሻውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ፤ ሙሽራዋ እንኳ፣ ትናንት የመጣችው ባዳ፣ ዓይኗን ጠረገች። የዚያን ዕለት የሁሉም ልብ በርቷል፣ ያንተ ብቻ አልበራም። ፍሪጁ እየጮኸ ነው ልጄ።

ያ ክፉ ምላስ ካንተ አልጀመረም ይሆናል፤ አባትህንም አውቃቸዋለሁ፣ ገመዱን በፌስታል ያሰሩት እሳቸው ናቸው። በዚያ አልወቅስህም። የምወቅስህ ልጅህ ነዘረኝ እያለችህ የለም በማለትህ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል አልሰማህም? ደግሞ ፍራ። ሰው ደጋግሞ የለም ሲባል የገዛ እጁን መካድ ይጀምራል። እሷም አንድ ቀን «እውነትም እኔ ነኝ የማልረባው» ብላ ታምንህና ያን ጊዜ ያልቅላታል። እስካሁን አላመነችህም፣ ተመስገን፤ ሸሽታ እህትህ ቤት መግባቷ ጤንነቷ ነው።

ምን ብዬ ንስሐ ልግባ ላልከኝ፣ ቀኖናህ ስግደት አይደለም። አሁን ተነሥተህ እህትህ ቤት ሂድና በሩን አንኳኳ። «ምን አደረግኩሽ» እንዳትላት። «የቱ ጋ ነው ያመመሽ» በላትና ዝም ብለህ ስማት። እሷ ስትነግርህ ግን፣ አደራህን፣ ቴስተርህን አታውጣ።