የተሸናፊዎች ሣር

በዚያ ዱር ትልቁ ጨዋታ ገና ነበር፤ ሩሯን በዱላ እየመቱ መጋጠም። ሊያይ የሚመጣ ሁሉ አንድ እስር ሣር ይዞ ይገባል። የአንበሳ ቡድን ሜዳ ሰፊ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ሣሩ ይከመራል። የዳገቱ ቡድን ሜዳ ግን ተመልካች አይወጣበትም። ስለዚህ ድሮ አንድ ሕግ ወጣ፦ ከአንበሳ ክምር ሲሶው፣ ተጫዋቾቹ በልተው እንዲጠነክሩ፣ ለተሸናፊው ቡድን ይሰጥ። ደግ ሕግ ነው። እኔም ደግ ሕግ አልጠላም፤ የምፈራው አስፈጻሚውን ነው።

የዳገቱ እንስሳት ሣሩን ተረክቦ የሚያድል አለቃ ለመምረጥ ብዙ መከሩ። ፍየል ትቀነጣጥበዋለች፣ በሬ ይጨርሰዋል ተባለ። በመጨረሻ «ሣር የማይበላ ይሻለናል» ብለው ጅብን ሾሙ።

ጅብ በእርግጥ ሣር አልበላም። በጓሮ በኩል ለዚያው ለአንበሳ እየመለሰ በሥጋ ይለውጠው ነበር።

የዳገቱ ተጫዋቾች ከእሾህ መሀል ቅጠል እየለቀሙ ሦስት ዓመት ተሸነፉ። ከሁሉ ፈጣኗ ሚዳቋ ጉልበቷ ከዳት፤ ለግልገሏ የምታጠባው ወተትም ደረቀ።

«አያ ጅቦ፣ ሣሩስ?» አለችው።

«ልጄ፣ ድርሻው እኮ ለተሸናፊ ነው። በልታችሁ ካሸነፋችሁ ይቀርብናል። እኔ የማስበው ለእናንተ ነው።»

ይህን የሰማች ኤሊ፣ «ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ ሁሉ እንብላው እንብላው ነው» ብላ አጉረመረመች። ጮክ ብላ ግን አልተናገረችም።

በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም። በዚያ ቀን ተጫዋች ለንጉሥ ያሻውን ይናገራል። ስለዚህ ቡድኗ ለአራተኛ ጊዜ እንደተሸነፈ ሚዳቋ አንበሳ ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ የሰጡን ሣር አፋችን አልደረሰም። የእርስዎ ኮርማዎች እስኪያገሱ ይበላሉ። የእኔ ልጅ በረሃብ ሊሞትብኝ ነው። ይፍረዱልን!»

ጅብ ጆሮውን ጣለ። አንበሳ ግን ሳቀ።

«እውነትሽን ነው፣ የእኔዎቹ አበዙት። ከዛሬ ጀምሮ፣ በእኔም ቡድን ሆነ በእናንተ፣ ማንም ተጫዋች በቀን ከአንድ እስር በላይ አይብላ። እኩል እንሁን!»

«እኩል!» ብሎ ዱሩ ጮኸ። ፍየሎቹ በደስታ አለቀሱ። ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው ጅብ ነበር። የአንበሳ ኮርማዎች ግን አንገታቸውን ደፉ፤ ከአፋቸው የሚተርፈው ሣር የማን እንደሚሆን ገብቷቸዋል።

ሚዳቋ እልልታው እስኪበርድ ጠበቀች።

«ጌታዬ፣ ከአንድ እስር በላይ አይበላም አሉ። ከስንት በታችስ አይሰጥም?»

አንበሳ ወደ ጅብ ዞረ፤ ጅብም መሬት መሬት አየ።

«የዘንድሮው ገና አብቅቷል» አለ አንበሳ፣ አሁን ሳይስቅ። «ወደየቤታችሁ!»

ከአንበሳ ቡድን አንድ ኮርማ ዱላውን እንደያዘ መጥቶ ከሚዳቋ አጠገብ ቆመ። ከዚያ ሌላው ተከተለ። ከሜዳው ማንም አልወጣም።