አለቃ ጎፈርና ከገደሉ ሥር የተማረው ነብር

ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል፤ አፍ ብቻ ያለው ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ተረት ተረት ስላችሁ «እንስማ» በሉኝ። ተረት ተረት!

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት አፍ አውጥተው ይናገሩ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ይኖሩ ነበር። ቀን ሣር ይግጣሉ፤ ሲመሽ ገደሉ ላይ ተጣብቀው ያድራሉ። ከገደሉ ሥር፣ ጫካው ውስጥ፣ አያ ነብሮ ከነሚስቱ ይኖር ነበር። እሱ ደግሞ ሣር አይግጥም።

ጭላዳዎቹ ለልጆቻቸው ከነብር ማምለጫ ብልሃት የሚያስተምር ፈለጉ። አለቃ ጎፈር ተገኘ። ጎፈሩ ጉልበቱ ድረስ ይወርዳል፤ ድምፁ ገደሉን ያናውጣል። ደረቱን ይነፋና፣ «ይህን ደረቴን ያቀላው የእውቀት እሳት ነው» ይላል። ሁሉም «እውነት ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። የጭላዳ ሁሉ ደረት ቀይ መሆኑን ያስታወሰ አልነበረም።

አለቃ ጎፈር ልጆቹን አፋፉ ላይ ይደረድርና በዜማ ይጠይቃል።

«ነብር ከታች ሲመጣ ወዴት?»

«ወደ ዋርካው!»

«ነብር ከላይ ሲመጣ ወዴት?»

«ወደ ዋሻው!»

«ነብር ከጎን ሲመጣ ወዴት?»

«ወደ ወንዙ!»

ወላጆች ከሩቅ ይሰሙና «ልጆቻችን ተማሩልን» ይላሉ።

አንድ ቀን ሚጢጢት የምትባል ትንሽ ልጅ ተነሣች። «አለቃ፣ ነብር ዋርካ ላይ አይወጣም ወይ?»

አለቃ ልምጩን አነሣ። «እዚህ የሚጠይቅ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«የሚመልስስ?»

«እኛ ነን።»

«ምን ብላችሁ?»

«እርስዎ እንዳሉን።»

«እንግዲያው ቁጭ በዪ!» አለና ሾጥ አደረጋት።

ልጆች፣ የዚያ ትምህርት ቤት አንደኛው ጎበዝ ተማሪ ማን እንደነበረ ታውቃላችሁ? አያ ነብሮ! ከገደሉ ሥር ተጋድሞ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ቃል በቃል ያጠና ነበር። ዘነበ አልዘነበ አይቀርም። ከትምህርት ሲመለስም ሚስቱን ያስጠናት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ሚስቱ ከታች አገሳች። ልጆቹ «ወደ ዋርካው!» እያሉ ሮጡ። አያ ነብሮ ዋርካው ላይ ተኝቶ ይጠብቅ ነበር። የሚጢጢትን ታላቅ ወንድም ይዞ ሄደ።

እናታቸው አመልማሎ ፊቷን እየነጨች አለቃ ዘንድ መጣች። «አለቃ፣ ልጄ ትምህርቱን አጥርቶ ያውቅ ነበር!»

«አውቃለሁ» አላት አለቃ። «ትምህርቱን ሳያፈርስ ነው የሞተው። ኩሪበት እንጂ።»

አለቃ ጎፈር የዚያን ቀን በጣም አዘነ። ያዘነው ግን ለልጁ አይደለም፤ ትምህርቱ በመታማቱ ነው። ልጆቹን ሰብስቦ፣ «ጥፋቱ የድምፃችሁ ነው። አነሰ! ጨምሩ!» አላቸው። ጨመሩ። አያ ነብሮም ከታች ሆኖ፣ «እሰይ፣ አሁን ጥርት ብሎ ይሰማል» አለ።

ሚስቱ ከላይ አገሳች። ልጆቹ «ወደ ዋሻው!» ብለው ሮጡ። አያ ነብሮ ዋሻው ውስጥ ነበር። አሁንም አንዱን ይዞ ሄደ። አለቃ አሁንም «ድምፅ ጨምሩ!» አለ።

ይኼኔ እናቶቹ ተነሡ። ጫካ ማዶ ወደምትኖረው ወደ እመት ጦጣ ሄዱ። እመት ጦጣ ምላሷ እንደ በርበሬ ነው። «ማስተማሩን አስተምራለሁ፤ መልስ ግን አልሰጥም» አለቻቸው።

«መልስ ካልሰጡ ምን ሊያስተምሩ?»

«መልሱን እነሱ ይስጡኝ፤ እኔ አርጅቻለሁ።»

እመት ጦጣ መጣችና የሚበላ ጣፋጭ የተክል ሥር ከትልቅ ድንጋይ በታች ቀበረች። ልጆቹ ድንጋዩን ገፉ፣ ገፉ፤ አልነቃነቅ አለ። «እመት ጦጣ፣ እንዴት እናንሣው?»

«ምን አያችሁ?»

«ከባድ ድንጋይ።»

«ደህና አድርጋችሁ እዩ።»

«ከሥሩ ያለው አፈር ለስላሳ ነው።»

«በእጃችሁስ ምን አለ?»

«ጥፍር!» አሉና ቆፍረው በሉ።

በማግስቱ ሥሩን ከጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ጣለችው። «ምን አያችሁ? በእጃችሁ ምን አለ? ባይሆንስ?» አለች። በአጭር እንጨት ሞከሩ፤ አልደረሰም። በረጅሙ ሞከሩ፤ አወጡት።

በሦስተኛው ቀን «ከዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቄያለሁ፤ ፈልጉ» አለቻቸው። እስኪደክማቸው ፈለጉ፤ የለም። በመጨረሻ ሚጢጢት ወገቧን ይዛ፣ «እመት ጦጣ፣ ዋሽተውናል!» አለቻት።

እመት ጦጣ ሳቀች። «አገኛችሁት! የነገሯችሁን ሁሉ አትመኑ፤ የዛሬው ትምህርት ይኸው ነው።»

አለቃ ጎፈር ከሩቅ አይቶ አሽሟጠጠ። «እኔ ጥያቄውንም መልሱንም እሰጣለሁ። እሷ ግማሹን ብቻ ይዛ መጥታ መምህር ነኝ ትላለች!»

ከዚያም የአያ ነብሮ ሚስት ከጎን አገሳች። አለቃ ጎፈር ዘሎ ተነሣ። «ወደ ወንዙ! ወደ ወንዙ!» እያለ ቁልቁል ሸመጠጠ። ዞር ቢል የተከተለው የለም። ልጆቹ አፋፉ ላይ ቆመው ወንዙን ያያሉ። ሚጢጢት «ጅግሮች ከወንዙ ዳር ብር አሉ። የሚያገሳው እዚህ ነው፤ ጅግራ የሚያስበረግገውስ ማነው?» አለች። ልጆቹ ነብር ሊረግጠው የማይችል ቀጭን የገደል ጠርዝ መርጠው ተጣበቁ።

አለቃ ወንዙ ዳር ሲደርስ አያ ነብሮ ከቁጥቋጦው ወጥቶ እጅ ነሣ። «እንኳን ደህና መጡ፣ መምህሬ!»

አለቃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ማ... ማነህ አንተ?»

«ተማሪዎ ነኝ። ከገደሉ ሥር ሆኜ አንድ ቀን ሳልቀር ተምሬያለሁ። እባክዎ፣ ከመብላቴ በፊት ይጠይቁኝ።»

አለቃ ጠየቀ። «ከታች ሲመጣ ወዴት?» «ወደ ዋርካው!» «ከላይ ሲመጣስ?» «ወደ ዋሻው!» ነብሩ ዜማዋን እንኳ አልሳተም። አለቃ ሊበላ ቆሞ ሳለ ልቡ በኩራት ሞቀ። እንዲህ ያለ ተማሪ ኖሮት አያውቅማ!

ልጆቹ ከላይ ያያሉ። «እመት ጦጣ፣ አለቃን ሊበላቸው ነው! ምን እናድርግ?»

«እኔ ምን አውቄ! ምን አየሽ፣ ሚጢጢት?»

«ነብሩ የአለቃን ዜማ ሁሉ ያምናል።»

«በእጃችሁስ ምን አለ?»

«ድንጋይና አፍ።»

«ባይሆንስ?»

«ሌላ እንሞክራለን።»

ድንጋይ እያንከባለሉ ገደሉን አንጓጉት። ግማሾቹ እንደ ውሻ ጮኹ። ሚጢጢት በአለቃ ዜማ አወረደችው። «አዳኝ ከነውሻው ሲመጣ፣ ነብር ወዴት?»

ልጆቹ በአንድ አፍ፣ «ወደ ቄጠማው!» አሉ።

አያ ነብሮ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ አላመነታም። ለምለሙ ቄጠማ ላይ ዘሎ ጉብ አለ። ቄጠማው ግን፣ ልጆቹ እንደሚያውቁት፣ ማጥ ላይ የበቀለ ነበር። ነብሩ እስከ ሆዱ ሰመጠ። እስከ አንገቱ ሰመጠ።

«መምህሬ! ማጥ ሲገቡስ ወዴት?» ብሎ ጮኸ።

አለቃ ጎፈር ራሱን አከከ። «እሱን ገና አላስተማርኩም» አለው።

ማጡ ነብሩን ዋጠው። ሚስቱ ያን አይታ አገር ጥላ ጠፋች።

አለቃ ጎፈር አፋፉ ላይ እንደወጣ ደረቱን ነፋ። «አያችሁ? ያዳነኝ የገዛ ዜማዬ ነው!» አለ። አመልማሎ ግን ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ፣ «ዜማው ያንተ ነው፤ ነፍስህን የሰጡህ ግን ልጆቻችን ናቸው። የእኔ ልጅ ግን ነፍሱን የሚያተርፍለት አላገኘም» አለች። ሽማግሌዎቹም ፈረዱበት፦ ከሕፃናቱ ጋር ተቀምጦ ከእመት ጦጣ ይማር።

እመት ጦጣ ልጆቹን ወደ አንድ ፈፋ ወሰደቻቸው። ከፈፋው ማዶ የበሰለ እንጆሪ አለ። ልጆቹ እያዩ፣ እየሞከሩ ተሻገሩና በሉ። አለቃ ጎፈር «በየት በኩል ልሻገር?» አለ። «ምን አየህ?» አለችው። የሚነግረው ሲጠብቅ ዋለ፤ ጦሙን ገባ። በማግስቱም ሲጠብቅ ዋለ፤ ጦሙን ገባ። በሦስተኛው ቀን ሆዱ ኩራቱን አሸነፈው። ዓይኑን ጨፍኖ ዘለለ፤ ሳማ መሃል ዘጭ አለ!

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እመት ጦጣ ከላይ አጎንብሳ፣ «ባይሆንስ?» አለችው።

አለቃ ጎፈር ሰውነቱን ሲያክ ቆየ። «ባይሆን... በሌላ በኩል እሞክራለሁ» አለ። በዕድሜው ሙሉ፣ ማንም ሳይነግረው የመለሰው የመጀመሪያ መልስ ይኸ ነበር።

እንግዲህ ተረቴን ተቀበሉኝ፤ ብትወዱት ንገሩት፣ ብትጠሉት አሻሽሉት። የጭላዳ እናቶች ግን ከዚያ ወዲህ ለልጆቻቸው እንዲህ ይላሉ፦ «የተዋሱት ብልሃት፣ ለነብር ራት።»