የበረዳት ጣሳ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ተራራ ለመውጣት ለሚመጡ እንግዶች ድንኳን ውስጥ ምግብ ማብሰል ነበር። ስለ ልጅህ ከጠየቅኸኝ ጋር ምን አገናኘው እንዳትለኝ፣ ንጋቱ፤ ጥቂት ታገሠኝ።

ይህ አብሳይ የሚያበስለው በትንንሽ የቡታጋዝ ጣሳ ነበር። በአንድ እጅ የምትያዝ ጣሳ ናት፤ ምድጃው ከላይዋ ይገጠማል። ስታልቅ ተራራው ላይ አይጥላትም። የማያውቅ ሰው አንሥቶ እሳት ውስጥ ይጨምራታል ብሎ ስለሚፈራ፣ ባዶዎቹን በከረጢት እያጠራቀመ ወደ ከተማ ያወርዳቸው ነበር።

አንድ ቀን እንግዶቹን ሸኝቶ ከአንድ በቅሎ ነጂና ከአንድ ተሸካሚ ጋር ሲመለስ በረዶ ጣለባቸው። በቅሎ ነጂው ወንዝ ሲሻገር ተንሸራቶ ውሃ ውስጥ ወደቀ። ድንኳን ተክለው እርጥብ ልብሱን አወለቁለት፤ ያላቸውን ብርድ ልብስ ሁሉ ደራረቡበት። ሰውየው ግን ጥርሱ እየተንገጫገጨ አንደበቱ ተሳሰረ። ሚስቱን የሚጠራ ይመስል ነበር። ትኩስ ነገር ካልቀመሰ እንደማይተርፍ ሁለቱም አወቁ። እንጨቱ ደግሞ ሁሉም ርሷል።

አብሳዩ የቀረችውን አንዲት ጣሳ ከምድጃው ጋር ገጥሞ ክብሪት ጫረ። ትንሽ ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለና ጠፋ። ደግሞ ጫረ፤ ጠፋ።

«አልቃለች!» ብሎ ፈታና ወደ ባዶዎቹ ከረጢት ወረወራት። ስትወድቅ ግን ሆዷ ውስጥ ፈሳሽ ሲንቦጫቦጭ ሰማ። አንሥቶ ወዘወዛት። አላለቀችም። ጋዙ በብርዱ ምክንያት መነሣት አቅቶት ተኝቷል።

ተሸካሚው «የዕቃውን ካርቶን አቀጣጥለን ከሥሯ እናድርግ፤ ቶሎ ትሞቃለች» አለ።

«ትፈነዳለች! ሦስታችንንም ትጨርሰናለች» አለ አብሳዩ።

«ታዲያ ሲሞት ዝም ብለን እንየው?»

አብሳዩ የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ጣሳዋን ብብቱ ሥር ከተታት፤ በላዩ ጋቢውን ደረበ። ብረቱ ቆዳውን ሲነክሰው ጮኸ። ሊያወጣት ፈለገ፤ በሽተኛውን አየና ተወው። አጠገቡ ተቀምጦ፣ እሱም እየተንቀጠቀጠ፣ «አይዞህ፣ አይዞህ» ይለው ጀመር።

ብዙ ቆይቶ አወጣት፤ ገጥሞ ክብሪት ጫረ። እሳቱ ሽው ብሎ ተነሣ። ውሃ አፈሉ፤ ስኳር በጥብጠው ለብ ሲል በማንኪያ አጠጡት። በማግስቱ በቅሎ ነጂው በእግሩ ወደ ቤቱ ገባ።

እንግዲህ ንጋቱ፣ «ልጄ እናቷ ከሞተች ወዲህ አትናገር፣ አትስቅ፤ መከርኳት፣ ጮኽኩባት፣ ምንም አልወጣትም። ተስፋ ልቁረጥ ወይ?» ብለህ ነበር የጠየቅኸኝ። ልጅህ አላለቀችም፤ በርዷታል። ጩኸትህ ከጣሳዋ ሥር ሊነድ እንደነበረው ካርቶን ነው፤ ቶሎ የሚያሞቅ ይመስልሃል። ይልቅ አስጠጋት። መጀመሪያ የሚሰማህ የእሷ ብርድ ነው፤ ያማል። አንተም ሚስትህን የቀበርክ ሰው ነህና እጥፍ ያምሃል፤ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም የምነግርህ። ቢሆንም ቶሎ አትልቀቃት። ዛሬ ቤት ስትገባ «ለምን ዝም አልሽ?» አትበላት። አጠገቧ ተቀመጥና፣ ስለ እናቷ መጀመሪያ አንተ አውራ።