የጋጥ ሰፈር ድንጋዮች

እኔ የተወለድኩባት ክፍል ድሮ የበቅሎ ጋጥ ነበረች። ሚስቴ ስትናደድ ታስታውሰኛለች። ሰፈራችን ከፊታውራሪ አጥናፌ ግቢ ጀርባ የተደበቀች፣ ድንጋይ የተነጠፈባት ጠባብ መንገድ ናት። ኮብልስቶን ትናንት የመጣ ለሚመስላችሁ፣ የእኛ ከአያቴ ከአያ ደምሴ ዘመን ጀምሮ አለ። ከአባቴ እንደሰማሁት አወራላችኋለሁ፤ አባቴ ትንሽ መጨመር ይወድ እንደነበር ግን እወቁልኝ።

ፊታውራሪን ደጅ የሚጠና ሰው ብዙ ነበር። በጓሮ በኩል ደግሞ የክረምቱ ጭቃ በቅሎ ይውጣል። ስለዚህ አቤት ባይ ሁሉ በመጣ ቁጥር አንድ ድንጋይ ይዞ እንዲያነጥፍ አዘዙ። ያነጠፈው «ነገ ትሰማለህ» ይባላል፤ በነጋታው ሌላ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። መንገዱ ረዘመ፣ የተሰማ ሰው ግን አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ሁሉም የራሱን ድንጋይ ለይቶ ያውቃል።

አያ ደምሴ አጎቱ የነጠቀውን የአባቱን ርስት ሊያስመልስ ከመርሐቤቴ መጣ። የመጀመሪያ ቀን የያዘው ባቄላ የምታህል ጠጠር ነበር። ባለጉዳይ የሚያስገባው አጋፋሪ ደርሰህ ተቆጣና ይኼም ድንጋይ ሆኖ ነው ወይ አለው።

«ምን ላድርግ ጌታው፣ በሚሰሙኝ ልክ ነው ያመጣሁት።»

ተመልሶ ትልቅ እንዲያመጣ ተደረገ። ሦስት ዓመት ተሸከመ።

ከፊታውራሪ በቅሎዎች አንዷ፣ ዳማዪቱ፣ ክፉ ረጋጭ ነበረች። ሦስት ጠባቂ አልጋ ላይ አውላለች። አያ ደምሴ ደጅ ሲጠና መዋሉ ካልቀረ ብሎ እሷን ይንከባከብ ጀመር፤ እንደ በግ ተከተለችው። ፊታውራሪ ይኼንን አይተው፣ «አንተ፣ ሁሉንም ስትረግጥ አንተን እንዴት ማረችህ?» አሉት።

«እኔ ስትጮህ ወዲያው እሰማታለሁ፣ ጌታዬ።»

ፊታውራሪ ሳቁ። የበቅሎዎቹ ጠባቂ አደረጉትና ጋጡ ጫፍ ያለችውን ክፍል «እስክትሞት ኑርባት፣ ልጆችህም ይኑሩባት» ብለው ሰጡት። ወረቀት የለም፤ ቃሉን የሰሙት በቅሎዎቹ ብቻ ናቸው። የርስቱን ጉዳይ ግን «ነገ» አሉት።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አልታዬ ከምሳ በኋላ ጋደም ማለት ይወዳሉ። የስምንት በቅሎ ኮቴ ድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ ደግሞ እንቅልፍ የለም። ኮቴው ሁሉ በጨርቅ ይጠቅለል ብለው አዘዙ። ቋጣሪ ስለነበሩ የሰጡት ጨርቅ አንዲት ያረጀች ነጠላ ናት። አያ ደምሴ ከነጠላዋ ሁለት ትንንሽ ቁራጭ ቀዶ ጠቀለለና የቀረውን አጣጥፎ ከሁለቱ ጋር መለሰላቸው። ይኼ ምንድን ነው ቢሉት፦

«እመቤቴ፣ ሠላሳ ሁለት እግር ከማልበስ ሁለት ጆሮ መድፈን አይቀልም?»

ግርፋቱ በአማላጅ ቀረለት። መንገዱ ላይ ጭድ አነጠፈ፤ ሰውም በሹክሹክታ ማውራት ለመደ። የሰፈራችን ጸጥታ የመጣው ከዚያ ነው።

ከዓመታት በኋላ ፊታውራሪ አውቶሞቢል ገዙ። በቅሎዎቹ ተሸጡ። ዳማዪቱ ስትወጣ አያ ደምሴ አለቀሰ፤ ይኼ ቀልድ የለውም። አጋፋሪ ደርሰህ መጥቶ፣ ክፍሏ ለመኪናው ስለምትፈለግ ለመስቀል ልቀቅ አለው። ሚስቱ እትዬ ውድነሽ አራስ ነበረች። አያ ደምሴ እሷን አየና ወደ አጋፋሪው ዞረ።

«መኪናይቱም እንደ እኛ ድንጋይ ተሸክማ ትምጣና ተራዋን ትጠብቅ።»

ጎረቤቱ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያለ ቢለምነውም፣ እሳቸው ፊታውራሪ እንጂ ንጉሥ አይደሉም ብሎ ከሰሰ። ዳኛው ቦታውን በዓይናቸው ሊያዩ በቀጠሮው ጠዋት መጡ። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በሰው ተሞልቶ ነበር። ሽማግሌ አለ፣ ባልቴት አለች፤ እያንዳንዱ ራሱ ያነጠፈው ድንጋይ ላይ ቆሟል።

ፊታውራሪ ቀደም ብለው ተናገሩ። «ጋጡም የእኔ፣ መንገዱም የእኔ ነው። እዚህ ያለ ድንጋይ ሁሉ በእኔ ትእዛዝ የተነጠፈ ነው። ሰጥተውኛል የሚለው ወረቀቱን ያምጣ» አሉ።

ዳኛው ወደ አያ ደምሴ ዞሩ። ወረቀት አለህ? የለኝም። ምስክር? የሰሙት ተሽጠዋል። እትዬ ውድነሽ ሕፃኑን ታቅፋ፣ ጓዟን ጠቅልላ በሩ ላይ ቆማለች። ያ ሕፃን አባቴ ነው።

ዳኛው፣ «ታዲያ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ምንድን ናቸው?» ሲሉ ጠየቁት።

«ፊታውራሪ እውነታቸውን ነው፤ ድንጋዩ ሁሉ በእሳቸው ትእዛዝ የተነጠፈ ነው። እነዚህም ድንጋይ ባነጠፉ ቁጥር ነገ ትሰማላችሁ የተባሉት ናቸው። እንግዲህ መንገዱን ከወሰዱ ከነባለጉዳዩ ይውሰዱት፤ ከበሩ ጀምረው በተራ ይስሙን፣ እኛ እንደሆነ መቆም ለምደናል።»