ጳጉሜን ስድስትን የማያውቀው ፕሮግራም

አንዲት ምላሰኛ ፕሮግራመር ከጓደኞቿ ጋር የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም ሠርታ፣ የፈለገ በነጻ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ለቀቀችው። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ ፕሮግራሙን ወሰዱ፤ የሠሪዎቹን ስም ዝርዝር ሰርዘው የራሳቸውን ብቻ ጻፉና በጭብጨባ አስመረቁት።

በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣው ጳጉሜን ስድስት ስትደርስ ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ቀጥ አለ። ኃላፊው ፕሮግራመሯን አስጠርተው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጮኹባት።

«ይህን ጉድ የሠራው ሰው ዛሬውኑ ያስተካክለው!»

እሷም የስም ዝርዝሩን ከፍታ ለሁሉም አሳየች።

«እዚህ ያለው የእርስዎ ስም ብቻ ነው፣ ጌታዬ። አስተካክለው ይላኩልን፤ እንደማንኛውም ጀማሪ ሥራዎን እናይልዎታለን። ስህተት ካልተገኘበት ስምዎን ከእኛ ሥር እንጽፈዋለን።»