አዲሱ የጭቃ ጎማ ለማን ይገባል

አንድ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሁለት ፒክአፕ ነበሩት። አንዱን ኃላፊው አቶ ልሳነወርቅ ራሳቸው ከቤት ቢሮ በአስፋልት ይነዱታል፤ ሌላው ክረምት ከበጋ መድኃኒት ጭኖ ገደል ለገደል ይጓዛል። አዲስ ጥርሳም የጭቃ ጎማ ሲገዛ፣ አቶ ልሳነወርቅ ለራሳቸው መኪና አስገጠሙት። ከእሳቸው የወለቀው ልሙጥ ጎማ ለገጠሩ መኪና ደረሰ።

የገጠሩ ሹፌር «ይህ ጎማማ ገደል ያስገባኛል» ማለቱን ሰምተው ስብሰባ መሐል አስጠሩት።

«ስማ፣ ዋናው የሹፌር ችሎታ ነው። ችሎታ ያለው ሰው ጎማ አይመርጥም። ችሎታ አለኝ ካልክ ነገ ውጣ፤ የለኝም ካልክ ቁልፉን አስረክብ።»

ሹፌሩ ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣ።

«አለኝ ጌታዬ፣ ነገ እወጣለሁ። እኔ ሞኙ ገና አሁን ገባኝ፤ ለካ አዲሱ ጎማ ለእርስዎ የተሰጠው ችግርዎ ታይቶ ነው።»

አቶ ልሳነወርቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጎማዎቹ ዛሬውኑ እንዲለዋወጡ በቃለ ጉባኤ አስያዙ። ምክንያቱ እንዳይጻፍ ግን አደራ አሉ።